ግርጌው የጎደለው ሥዕል

አጎቴ ዳኜ ቁጭ ብሎ አያውቅም። ሲበላ እንኳ አንድ ጉልበቱን አንበርክኮ፣ ሌላውን አንሥቶ፣ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ነው። ሚስቱ እትዬ በለጠች «ይህ ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ነው» ትላለች። ሲሥልም ቆሞ ነው፤ ሁለት ብሩሽ በአፉ፣ አንድ በእጁ፣ ሦስት ርምጃ ወደ ኋላ፣ ሁለት ወደ ፊት። ከመመላለሱ ብዛት የቤቱ ወለል ላይ የበግ መሄጃ የመሰለ መስመር ወጥቷል። እኔ የእኅቱ ልጅ ነኝ። ጽናት እባላለሁ፤ ስሜን ያወጣው እሱ ነው፤ ከጽናቱ ግን ለሁለታችንም የደረሰን ጥቂት ነው። ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ «ጋሼ» እለዋለሁ። አንቱታ አላስለመደኝም፤ «አንቱ ስባል ነገ የምሞት ይመስለኛል» ይላል።

የተወለደው ግሼ፣ ራቤል አጠገብ ነው። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ ነበሩ። ዳዊት ደግሞ ከጨረሰ በኋላ ቅኔ ቤት ገባ፤ ነገር ግን ቅኔውን ትቶ የመምህሩን ፊት በከሰል ግድግዳ ላይ ሲሥል ተገኘና ተባረረ። ጥሩ አድርገው ነው ያባረሩት። አንድ ሽማግሌ ሠዓሊ ወስደው ሰባት ዓመት ቀለም አስፈጩት፤ በስምንተኛው ዓመት የመልአክ ክንፍ እንዲሥል ፈቀዱለት። ከዚያ ደርግ ለውትድርና አፈሰው። በ83 መንግሥት ሲለወጥ ከሰሜን በእግሩ ተነሥቶ እስከዚህ እስከ መንዝ፣ ቀየት መጣ። እትዬ በለጠችን አገባ፤ በእሷ መሬት ገብስ እየዘራ፣ በክረምት እየሣለ ኖረ። እኔ እንደማስበው ያኔ ከሰሜን የጀመረውን መንገድ እስካሁን አልጨረሰውም።

የእሱ ሐዋርያት ሁሉ መንዞች ናቸው። ፊት የሚወስደው ከሰፈር ሰው ነው። ቶማስ የቀበሌያችንን ሊቀ መንበር ቁርጥ ነው፤ ሊቀ መንበሩ በየእሑዱ ፊቱ ቆሞ ያስቀድሳል፤ አንድም ቀን አላወቀውም። ስሙን ግን ጋሼ የትም አይጽፍም። «ስሙን የጻፈ ሠዓሊ ዋጋውን እዚሁ ተቀበለ» ይላል። በእኛ አገር ከሥዕሉ ግርጌ የሚጻፈው ያሣለው ሰው ስም ነው። ስለት ያለበት ሰው ሠዓሊውን ያሠራና እሱ ራሱ ከቅዱሳኑ እግር ሥር ተደፍቶ ይሣላል፤ ከጎኑም ማን እንደሆነና ስለ ማን እንዳሣለ ይጻፋል። ያየ ሁሉ እንዲጸልይለት ነው።

በ2007 ዓመተ ምሕረት መባቻ ላይ እማሆይ አመተሥላሴ ወደ ጋሼ መጡ። አንድ ልጃቸው ወንዳፈራሁ፣ በክርስትና ስሙ ገብረ አማኑኤል፣ በድንበሩ ጦርነት ሄዶ አልተመለሰም። መርዶው በመጣ በዓመቱ መነኮሱ። ከዚያ ወዲህ የሰው ባና የሚሸመንበትን ሱፍ እየፈተሉ ሲያጠራቅሙ የኖሩት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልደትን ሥዕል ለማሣል። ጋሼ ሥዕሉን በአንድ ወር ተኩል ጨረሰው። እመቤታችን አለች፤ ሕፃኑ የተኛው የጓሳ ሣር ላይ ነው፤ እረኞቹ ባና ደርበዋል፤ የበጎቹ ላት ሰፊ ነው፤ የእኛው በጎች ናቸው። ከታች እማሆይ ተደፍተዋል፤ ፊታቸው ራሱ የእሳቸው ነው፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ጣቶቻቸው የሕፃኑን ሣር ሊነኩ ደርሰዋል። «ይህን ሥዕል ስለ ልጇ ስለ ገብረ አማኑኤል ነፍስ ያሣለች አመተሥላሴ» ይላል ጽሑፉ። ጋሼም አላቸው፦ «ይህን ያየ ሁሉ ልጅዎን ነፍስ ይማር ሳይል አያልፍም።»

እማሆይ ሥዕሉን አይተው አላለቀሱም። እንዲያው ረጅም ጊዜ ቆመው ቆዩ።

እኔ ያን ጊዜ ቀየት ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ ነበር። ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ፤ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ደንበኛ እየሰደብኩ እውላለሁ። ፌስቡክ ከፍቼ ደግሞ ዓለምን በእጄ የያዝኩ መስሎኝ ነበር። የጋሼን ሥዕል እዚያ ላይ ማውጣት ፈለግሁ። ሰው ይወቀው ብዬ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ከቀየት ወዲያ የሚያውቀው አልነበረም፤ ይህም ይቆጨኝ ነበር።

ሳሌም የምትባል የአይሲቲ መምህርት አለች፤ እሷን አማከርኳት። «ጽናት፣ ኢንተርኔት ላይ የወጣ ሥዕል እረኛ የሌለው በግ ነው፤ የፈለገ ይነዳዋል» አለችኝ። «ስሙን መሐሉ ላይ ደብዘዝ አድርገሽ ጻፊበት። ፎቶውን አሳንሺው፤ ሊያትሙት ቢሞክሩ እንዳያምር። ደግሞ ሙሉውን አታውጪ።»

የመጀመሪያውን ለጋሼ ነገርኩት። ብሩሹን ከአፉ አወጣ።

«በእመቤታችን ፊት ላይ ዳኜ ብለሽ ልትጽፊ? አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ?»

እሱ በዚሁ ቀረ። ማሳነሱን ደግሞ እኔ ራሴ አልወደድኩትም፤ በትልቁ ሲታይ በጣም ያምር ነበርና እጄ አልታዘዘኝም። ሦስተኛው ቀረ፤ ሙሉውን አለማውጣት። ሥዕሉን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ወጥረነው ፎቶ አነሣሁና ፎቶ ቤቴ ተቀምጬ የቱን ልቁረጥ ብዬ አሰብኩ። እረኞቹ አይቆረጡም። በጎቹ አይቆረጡም። ታች ግን አንዲት አሮጊት መነኩሲት ተደፍተዋል። እሳቸው ቢቀሩ ማን ይጎዳል አልኩ። እውነቱን ልናገርና ደግሞ አላማሩኝም ነበር፤ የከተማ ሰው ሲያየው ያረጀ ነገር ይመስለዋል ብዬ አፈርኩባቸው። ግርጌውን ቆረጥኩት። የጣቶቻቸው ጫፍ ከሣሩ ጋር ተደባልቆ ስለነበር እሱ ቀረ፤ ማን ልብ ይለዋል ብዬ ተውኩት። ለጋሼ አልነገርኩትም። እሱ ሥዕል በስልክ ማየት ይጠላል፤ ጥፍር በሚያክል መስታወት ላይ ገነት አይታይም ባይ ነው።

ስድስት ሺህ ሰው ወደደው። ስድስት ሺህ! እኔም ለእትዬ በለጠች፣ ለሳሌም፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ሁሉ አወራሁ። ሥዕሉ በኅዳር ጽዮን ዕለት በማርያም ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ እማሆይም በየጧቱ መጥተው ይሳለሙት ጀመር።

ዓመት አለፈ። ራቤል አጠገብ፣ የጋሼ አባት ደወል ይደውሉበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠራና መቅደሱን ጋሼ እንዲሥለው ሽማግሌዎቹ በቃል ተስማሙ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። አባቱ የተቀበሩት እዚያው ግቢ ነው። ሌት ተቀን በወረቀት ይነድፋል፤ ወረቀት ሲያልቅበት የእኔን የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይሰርቃል። በታኅሣሥ መጨረሻ ጠሩትና ሄደ። ሲመለስ ቀጥታ ፎቶ ቤቴ ገባ፤ ወንበር ስቦም ተቀመጠ። ያን ጊዜ ደነገጥኩ።

«ምን ሆንክ ጋሼ?»

የተጠቀለለ ፖስተር ዘረጋልኝ። የእሱ ልደት ነው። ጓሳ ሣሩ፣ ባናው፣ የበጎቹ ላት፣ ሁሉም አለ፤ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ በአዲስ አበባ ታትሞ በየበዓሉ መሬት ላይ ተነጥፎ ይሸጣል። ከታች በቀይ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ይላል። የሰረቀው ሰው እንዳይሰረቅበት ጠብቆታል ማለት ነው!

«ከፖስተር ትገለብጣለህ አሉኝ» አለ ጋሼ። «የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ አስቻለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ‹ይህ በየሱቁ የሚሸጥ ነው፤ አንተ ከዚህ ቀድተህ መነኩሲቷን አታለልክ፤ የኛንም መቅደስ ከፖስተር ልትሞላው ነው› አሉኝ። እስከ ጥር ማርያም ማስረጃ ካላመጣህ ከአዲስ አበባ ሠዓሊ እናስመጣለን ብለዋል።»

በንዴት ጦፍኩ። ፌስቡክ ላይ ያወጣሁበትን ቀን ላሳያቸው አልኩ። «እሱንም ነግሬያቸዋለሁ፤ የስልክን ቀን ሕፃን ልጅ ይለውጠዋል አሉኝ» አለ። ማተሚያ ቤቱ ገጽ አለውና ጻፍኩላቸው። «ከኢንተርኔት ነው ያገኘነው፤ ስም የለበትም» ብለው መለሱልኝ። ስድብ ስጽፍላቸው ገጻቸውን ዘጉብኝ። እኔ ከስልኬ ጋር ስታገል ጋሼ ፖስተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። ድንገት ቀና አለ።

«እማሆይስ?»

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት።

«ጽናት፣ እማሆይን እኮ ቆርጠዋቸዋል!» ተነሥቶ መንጎራደድ ጀመረ፤ ፎቶ ቤቴ ሁለት ርምጃ አይሞላም፤ ከግድግዳ ግድግዳ ይጋጫል። «የኔን ስም ይስረቁት፤ ስምም የለኝም። የእሳቸውን ስለት ማን ፈቀደላቸው? የአሥራ አምስት ዓመት ፈትል ነው እኮ! የልጃቸውን ስም እኮ ነው የቆረጡት! የቆረጣቸው እጅ ይቆረጥ!»

እጄን ከጠረጴዛው አንሥቼ ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ። መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። የሚቀጥሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኩ አላውቅም፤ ሰው ፎቶ ሳነሣ ሁሉም ደብዝዞ ይወጣል። ጋሼ አንድ ቀን ጓሳ ሜዳ ድረስ ሄዶ ምንም ሳያደርግ ተመለሰ፤ በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ። እትዬ በለጠች እህል አቅርባ እህል ታነሣለች። «አንቺ ደግሞ እጅሽ ምን ነካው? ምነው ከነጠላሽ አይወጣም?» አለችኝ። ብርድ ነው አልኳት። በመንዝ ምድር ብርድ ለሁሉም ነገር ምክንያት ይሆናል።

በመጨረሻ ጋሼ እማሆይን ራቤል ወስዶ ሊያስመሰክር ቆረጠ። እሳቸው በተከራየነው በቅሎ፣ እኛ በእግር፣ ጓሳን አቋርጠን ሄድን። ጋሼ እንደ ልማዱ ወደ ፊት ተፈተለከ፤ ሣሩን እያየ «ይህ ሣር እንኳ ሲከለከል ጠባቂ አለው፤ ያለጊዜው ያጨደ ይቀጣል» ሲል ነፋሱ ድምፁን አመጣልኝ። እኔ በቅሎዋን እየሳብኩ ከእማሆይ ጋር ቀረሁ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ ሥዕሉን በስልክ ስንት ሰው አየው አልሽ?»

«ስድስት ሺህ፣ እማሆይ።»

«እኔንም አዩኝ?»

ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፤ «አዎ» አልኩ።

«ተመስገን» አሉና መቁጠሪያቸውን ሳሙ። «እንግዲያ ለልጄ ስድስት ሺህ ሰው ጸልዮለታል። እኔ ብሞትም አይከፋኝ።»

እስከ ራቤል ድረስ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። በበቅሎዋ ጆሮ መካከል መንገዱን ብቻ እያየሁ ሄድኩ።

ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላሙ ሥር በአግዳሚ ተቀምጠው ጠበቁን። አቶ አስቻለው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር ሁለቴ የሚመዝኑ ሰው ናቸው። ፖስተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው እማሆይን ጠሯቸው። እማሆይ ጎንበስ ብለው ታች ታቹን ፈለጉ። በጣታቸው ዳሰሱት። ከጀርባው እንዳሉ ሁሉ ፖስተሩን ገልብጠው አዩት።

«እኔ እዚህ ነበርኩ» አሉ። «ወዴት ሄድኩ?»

«እሱን ነው የምንለው፣ እማሆይ» አሉ አቶ አስቻለው በለሆሳስ። «በመጀመሪያው ላይ የሉም። ዳኜ ከዚህ ቀድቶ እርስዎን ከታች ጨምሮ ሠራ ማለት ነው። በእርስዎ አይደለም ነገሩ፤ ተታለዋል።»

ዞሬ ጋሼን አየሁት። ሲንጎራደድ የኖረ ሰው ባለበት ደርቆ ቀረ። እማሆይ አንዴ እሱን፣ አንዴ ፖስተሩን ያያሉ፤ ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ ሲገባ አየሁት። ሰውን የሚያምኑ አሮጊት ጋሼን መጠርጠር ጀመሩ። ያን ጊዜ አልቻልኩም።

«አልተጨመሩም! ተቆርጠው ነው!» ጮኽኩ። ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት እንዲያ አትጮኽም፤ ሁሉም ዞሩ። ወደ ጠረጴዛው ሄጄ ፖስተሩ ላይ፣ ከሣሩ ሥር፣ ጠርዙ ላይ ያሉትን ትናንሽ ቡናማ ነገሮች አሳየኋቸው። «እነዚህ ምንድን ናቸው? ሣር ናቸው? ሣር ጥፍር አለው?»

አቶ አስቻለው መነጽራቸውን አደረጉ። ሌሎቹም ተነሥተው ከበቡ። አንዱ ቄስ «ጣት ነው» አሉ። «የሰው ጣት ነው፤ እጅ የሌለው።»

«የእማሆይ ጣቶች ናቸው። ሙሉው ሥዕል ላይ እጃቸውን ዘርግተዋል። ፖስተሩ መጀመሪያ ቢሆን ኖሮ ጣት ብቻውን ከየት ይመጣል? የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ። እንዳይሰረቅ ብዬ ሙሉውን አላወጣም አልኩና እሳቸውን ቆረጥኩ። ስድስት ሺህ ሰው ያየው ይህን የተቆረጠውን ነው። የሰረቁትም ይህንኑ ነው።»

እማሆይ ወደ ፊት መጡና የፖስተሩን ጠርዝ በግራ እጃቸው ይዘው ቀኝ እጃቸውን ከሥሩ አስገቡ፤ ወረቀት ላይ ካሉት ጣቶች ሥር የራሳቸውን እጅ አኖሩ። እጁ ሞላ። አቶ አስቻለው ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ጋሼ ዞሩ።

«ዳኜ፣ በድለንሃል። መቅደሱ ያንተ ነው፤ ይቅር በለን።»

ጋሼ ለሳቸው ራሱን ዝቅ አደረገና ወደ እኔ መጣ። ቀኝ እጄን ያዘው፤ እንደ ሐኪም አገላብጦ አየው። «ምላሴን በቆረጠው» አለ። ከዚያ ለቀቀኝና ቤተ ክርስቲያኑን ይዞር ጀመር፤ ሦስት ጊዜ ዞረ፣ አራተኛም ዞረ። አለቀስኩ። ሥራውን አገኘ ብዬ ደስ ሊለኝ አልቻለም፤ ምክንያቱም እማሆይ አጠገቤ ቆመው ነበር።

«እንግዲያው ልጄን አላወቁትም?» አሉኝ። «ያ ሁሉ ሰው?»

«አላወቁትም፣ እማሆይ። በመንገድ የነገርኩዎት ውሸት ነው።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ በወደድኩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ በቅሎዋ ሄዱ፤ ሲመለሱም መንገዱን ሙሉ ከንፈራቸው ለጸሎት እንጂ ለእኔ አልተንቀሳቀሰም።

ጋሼ እስከ ፋሲካ አላናገረኝም። ራቤል ከርሞ ለበዓሉ ሲመጣ የመጀመሪያውን ንድፍ አሳየኝ። ያሣሉትን ሰዎች ከእንግዲህ ግርጌ አያስተኛቸውም፤ ከእረኞቹ መካከል አቁሟቸዋል፣ አንዱ የበጉን ቀንድ ይዟል፣ አንዷ የእመቤታችንን መጎናጸፊያ ጫፍ ጨብጣለች። ሽማግሌዎቹ ይህ ሥርዓት አይደለም ብለው አጉረምርመዋል አሉ። «እስቲ አሁን ቁረጪ» አለኝ። ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም፤ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ።

ፖስተሩ ዛሬም ይሸጣል። ሰው ቤት በገባሁ ቁጥር ተሰቅሎ አየዋለሁ፤ ቡና እስኪቀዳ እንኳ መታገሥ አቅቶኝ ጣቶቹን እያሳየሁ ታሪኩን አወራለሁ፤ ብዙዎቹ እብድ ነች ብለውኛል። ሙሉውን ሥዕል እንደገና አወጣሁት፤ ፎቶውን አሳንሼ፣ የእማሆይን ጽሑፍ ግን እንዲነበብ አድርጌ፣ የሆነውንም ሁሉ ጽፌ። ሰው አንዴ ያየውን ነገር ሁለተኛ ዞሮ አያይም። አርባ ሦስት ሰው ብቻ ነፍስ ይማር አለ።

አንድ ረፋድ ስልኬን ይዤ እማሆይ ቤት ሄድኩ። ሱፍ እየፈተሉ ነበር። ተቀምጬ የአርባ ሦስቱን ስም አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። በእያንዳንዱ ስም እንዝርቱን ያቆሙና «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ፤ ሰውየው ደጅ ቆሞ የሚሰማቸው ይመስል። ሲያልቅ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«የፊተኞቹ ስንት ነበሩ ያልሽኝ?»

«ስድስት ሺህ።»

እንዝርታቸውን መልሰው አነሡ።

«እንግዲያው ገና ብዙ ይቀርሻል» አሉኝ።